በየሦስት ሰዓቱ

እናቴ ካፒቶሊና፣ በሰማንያ አራት ዓመቷ፣
ከካልሲ መሳቢያዋ ሥር ሰማያዊ ደብተር አወጣች።
«አዋላጅ አይደለሽ? አንብቢልኝ» አለች፣ «ደክሟል ዓይኔ።»
ዓይኗ አልደከመም። ትናንት በመርፌ ቀዳዳ
ክር ያስገባችው እሷ ናት፤ ያቃተኝ እኔ።
ማዕድ ቤቷ ሰዓት ተሰቅሎበት አያውቅም፤
ለምን እንደሆነ ጠይቄያትም አላውቅም።

    ሦስት ሰዓት፦ ጠባ። አርባ ግራም።
    ስድስት ሰዓት፦ ጠባ። ሠላሳ አምስት።
    ስምንት ተኩል፦ አለቀሰ። አልሰጠሁም።
    ዘጠኝ ሰዓት፦ ደክሞት ተኛ። አልጠባም።

የስልሳ አንድ የካቲት፤ አርካንግልስክ፤ የድቪና ወንዝ
ድንጋይ ሆኖ የጭነት መኪና በላዩ ሲያሳልፍ፣
ዶክተር ዙቦቭ ሰባት ተማሪ አስከትሎ
ገባ ወደ አራሶች ክፍል።
በእርሳሱ ጫፍ የግድግዳውን ሰዓት መታ መታ አድርጎ፦
«ሆድ እንደ ወታደር ነው፤ ትእዛዝ ይማር በጧቱ።
በየሦስት ሰዓቱ። ሌሊት ምንም። በየሦስት ሰዓቱ።
ቢያለቅስ ሳንባው ይጠነክራል፤ በለቅሶ ማንም አልሞተም።
ይህ ቢጫው ደግሞ» (እንገሯን ነው) «ታልቦ ይደፋ፤ አይጠቅምም።
እስከዚያው የስኳር ውኃ።»

የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ የመጋዝ ቤት ሠራተኛ፤
እሱ ነጭ ጋዋን፣ እሷ ቁልፉ የጎደለ የሆስፒታል ሸሚዝ።
ምን ትበል? ጻፈች። ሰዓቱንም፣ ግራሙንም፣
ፈተና እንዳለባት ተማሪ፣ ፊደሏን አቅንታ።

ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል።
ግሌብ ግን አለቀሰ።
ጡቷ አጋተ፤ ወተቱ ሳይጠሩት መጣ፤
ቀሚሷ እስከ ወገቧ ራሰ።
እሷ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራ
የሰዓቱን ዘንግ ታያለች፤
ዘንጉ ደግሞ እሷን እያየ የሚቆም ይመስላል።

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቷ ሩፊና በጡጫ ደበደበች።
«ዝም አሰኚው» ያለቻት መሰላት፤
ልጁን ታቅፋ ወደ ሌላው ጥግ ሸሸች።
ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ የዳቦ ሰልፍ ላይ፣
ሩፊና ዞር ብላ፦
«‹ስጪው› ነበር እኮ ያልኩሽ፣ አንቺ ሞኝ።»

በሰባተኛው ሳምንት ገጹ ባዶ ነው።
አንድ ቃል ብቻ፦ ደረቀ።
ዙቦቭ ዘንድ ሄደች። «ወተትሽ ስስ ነው» አላት፣
«ውኃ። አንዳንድ ሴት እንዲህ ናት።»
የላም ወተት በሩዝ ውኃ አዘዘ፤ ማኅተም መታ።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።
በዚያው ወር፣ ሳንባ ምች ለያዘው የማዶ ልጅ
ወንዙን በሌሊት፣ በእግሩ፣ በበረዶው ላይ የተሻገረ እሱ ነው።
መጽሐፉ እንዲያ ይል ነበር፤ እሱም መጽሐፉን አመነ፤
እሷ እሱን አመነች፤
ጡቷን ግን ማን አመነ?

ደብተሩን ዘጋሁት። «እስቲ ንገሪኝ» አለች፣
«ያኔ ሲያለቅስ... ርቦት ነበር?»

ለስንት እናት መልሻለሁ፣ ሠላሳ ዓመት፣ ሳላመነታ!
«ዘመኑ ነው» የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤
«አንቺ በምን ታውቂ» የሚለውም።
እሷ ግን ስለ ጥፋት አልጠየቀችኝም፤
የጠየቀችኝ ስለ ረሃብ ነው።
«አዎ፣ እማ» አልኳት። «ርቦት ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ፣
ስልሳ ዓመት ያልገጠመ ሒሳብ እንደገጠመላት።
«አውቅ ነበር» አለች።
ደግሞም፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፦ «እኔንም እኮ ያመኝ ነበር።»

በሩ ተበረገደ። ግሌብ፤ ስልሳ ሦስት ዓመት፣ መቶ አሥር ኪሎ፣
የመርከብ በያጅ፣ ጢሙ ላይ በረዶ።
ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል
እሷ ሾርባውን ጨልፋለች።